ለራዲያተሩ ውሃ አለ፤ ለሾፌሩስ?

መስከረም 27 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ እሑድ ማታ። ሳሎናችን ውስጥ ሁለት ሾፌሮች ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠዋል። አንደኛው 26 ዓመት ከባድ መኪና የነዱት አባቴ ናቸው። ሁለተኛው መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ገና አራት ዓመት የሚቀረው፣ ስለ ፎርሙላ ዋን ግን የትኛው ሾፌር የትኛውን ጎማ እንዳሰረ ሳይቀር የሚነግራችሁ ልጄ ነው።

የዕለቱ ውድድር ኳታር ነው። የኳታርና የእኛ ሰዓት አንድ ስለሆነ ልክ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ተጀመረ። አባባ ጋቢያቸውን ደርበው ጥቂት ካዩ በኋላ ፈገግ አሉ።

«እነዚህ ደግሞ ምን ይደክማቸዋል? ተሳቢ አይጎትቱ፣ ጎማ የሚፈታላቸው ሌላ ሰው! ተቀምጦ መሪ ማዞር ብቻ!»

ልጄ ሊከራከራቸው ሲል ውድድሩ ራሱ መልስ ሰጠ። አሜሪካዊው ሎጋን ሳርጀንት መቀጠል አቅቶት መኪናውን አቆመ። ሌሎቹ እንደምንም 57ቱን ዙር ጨረሱ፤ ሲወርዱ ግን ወጣት አትሌቶች አይመስሉም ነበር። ሁለተኛ የወጣው የ22 ዓመቱ ኦስካር ፒያስትሪ ሽልማት ከመቀበሉ በፊት በሚያርፍበት ክፍል ወለል ላይ ተዘርግቶ ታየ። አሸናፊው ማክስ ቨርስታፐንም መሬት ላይ ተቀምጧል።

የአባባ ፈገግታ ጠፋ። ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብለው ሲያዩ ከቆዩ በኋላ «ውሃ ነው» አሉ። «ይህን እኔ አውቀዋለሁ። ውሃ ነው የጎደላቸው።»

ያን ምሽት በቤታችን የተጀመረው ወሬ እስከ ዛሬ አላለቀም። የዛሬው ጽሑፌም ስለዚያው ነው፤ ስለ ውሃ፣ ስለ ሙቀትና መሪ ስለያዘ ሰው።

ያን ምሽት ምን ሆነ?

ኳታር ውስጥ በዚያ ወቅት ፀሐይ ከጠለቀችም በኋላ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ነበር። አየሩ ደግሞ ከባሕሩ በሚመጣ እርጥበት የተሞላ ነው። በዚህ ላይ ሌላ ነገር ተጨመረ። የመንገዱ ጠርዝ ጎማዎቹን እየጎዳ መሆኑ ስለታወቀ፣ አንድ ጎማ ከ18 ዙር በላይ እንዳይሄድ ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ወሰነ። በሌላ ጊዜ ሾፌሮች ጎማቸው ቶሎ እንዳያልቅ ፍጥነታቸውን ቀነስ እያደረጉ ይነዳሉ፤ በዚያውም ትንሽ ይተነፍሳሉ። ያን ማታ ግን ጎማ መቆጠብ አላስፈለገም። ሁሉም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያላቸውን ሁሉ አውጥተው ነዱ።

ፈረንሳዊው ኢስቴባን ኦኮን ውድድሩ ገና አንድ ሦስተኛው ሳይሞላ፣ ለሁለት ዙር ያህል ሄልሜቱ ውስጥ አስመለሰው። ሆኖም አላቆመም፤ ሰባተኛ ሆኖ ጨረሰ። ካናዳዊው ላንስ ስትሮል በፍጥነት በሚታጠፉት ኩርባዎች ላይ ራሱን ሊስት ይቃረብ እንደነበር ከውድድሩ በኋላ ተናግሯል። እንግሊዛዊው ጆርጅ ራስልም እንዲሁ ሊወድቅ ምንም እንዳልቀረው አልደበቀም። አሌክስ አልቦን በሙቀት ተጎድቶ የሕክምና ዕርዳታ ተደረገለት። ሳርጀንት በዚያው ሳምንት ጉንፋን መሰል ሕመም ይዞት ስለነበር ሰውነቱ ቀድሞውኑ ተሟጥጦ ነበር።

እነዚህ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ለዚህ ሥራ በአካል ከተዘጋጁት 20 ሰዎች መካከል ነበሩ። አሠልጣኝ አላቸው፤ የምግብ ባለሙያ አላቸው፤ ሐኪም አላቸው። ሙቀት ግን ማንንም አይፈራም።

ተቀምጦ የሚነዳ ሰው ለምን ያልበዋል?

የአባባ የመጀመሪያ ጥያቄ የብዙዎቻችን ጥያቄ ነው። መሪ የያዘ ሰው በእግሩ እንደሚሮጥ ሰው ለምን ያልበዋል?

መልሱ ከልብሱ ይጀምራል። የእሽቅድምድም ሾፌር እሳት ቢነሳ እንዳይቃጠል፣ እሳት የሚቋቋም ወፍራም ቱታ ይለብሳል። ከሥሩ እጅጌው ረጅም የሆነ የውስጥ ልብስ፣ ፊቱ ላይ ጭምብል፣ በእጁ ጓንት፣ በላዩ ሄልሜት አለ። እሳቱ እንዳይገባ የሚከለክለው ልብስ የሰውነቱ ሙቀትም እንዳይወጣ ይከለክላል። ሞተሩ ከጀርባው ነው፤ የሚያቃጥሉ ሌሎች የመኪናው ክፍሎችም በዙሪያው ናቸው። ቀኑ ሲሞቅ የተቀመጠበት ጠባብ ቦታ 50 ዲግሪ ይደርሳል።

ሥራውም ቀላል አይደለም። የፍሬኑ ፔዳል የሚረገጠው ከ100 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ነው። በፍጥነት በሚታጠፉበት ጊዜ ሰውነት ከክብደቱ አራትና አምስት እጥፍ ወደ ጎን ይገፋል። የሰው ጭንቅላት ከሄልሜቱ ጋር ስድስት ኪሎ ተኩል ቢመዝን፣ አንገት በዚያች ቅጽበት 30 ኪሎ ተሸክሟል ማለት ነው። ይህ አንድ ሰዓት ተኩል፣ አንዳንዴም እስከ ሁለት ሰዓት ይቀጥላል። ልብ በደቂቃ 160 እና ከዚያ በላይ ይመታል።

ስለዚህ ያልበዋል። በጣም ሞቃት በሆነ ውድድር አንድ ሾፌር ከ2 እስከ 3 ኪሎ ክብደት ይቀንሳል። ይህ የቀለጠ ስብ አይደለም፤ በላብ የወጣ ውሃ ነው። አንድ ሊትር ላብ አንድ ኪሎ ነውና፣ ሰውየው ሦስት የሀይላንድ ውሃ የሚሆን ከሰውነቱ አፍስሷል ማለት ነው።

ሻይ የሆነ ውሃ

«ታዲያ ለምን አይጠጡም?» አሉ አባባ።

ይጠጣሉ። በመኪናው ውስጥ ከሾፌሩ አጠገብ የውሃ ከረጢት ይቀመጣል፤ አንድ ሊትር ወይም ከዚያ ትንሽ በለጥ ያለ ይይዛል። ከከረጢቱ ቀጭን ቱቦ ተነስቶ በሄልሜቱ በኩል እስከ አፉ ይደርሳል። መሪው ላይ ካሉት ብዙ ቁልፎች አንዱ የመጠጥ ቁልፍ ነው፤ ሲጫነው ትንሿ ፓምፕ ውሃውን ወደ አፉ ትገፋለታለች። የሚጠጣውም ባዶ ውሃ አይደለም፤ ጨውና ጥቂት ስኳር አለበት።

ችግሩ ሁለት ነው። መጀመሪያ፣ ከረጢቱ ያለው እዚያው ግለት ውስጥ ስለሆነ ውሃው ከጥቂት ዙር በኋላ እንደ ሻይ ይሞቃል። ብዙ ሾፌሮች በዚህ ያማርራሉ። ሁለተኛ፣ ውሃ ክብደት ነው። በሰከንድ ሺኛ በሚሸናነፉበት ስፖርት እያንዳንዷ ግራም ስለምትቆጠር፣ ውሃውን ቀንሶ መጫን ወይም ጭራሹን መተው የሚፈትናቸው ጊዜ አለ።

ሰውም ይረሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 በሃንጋሪው ውድድር የፌራሪው ኪሚ ራይኮነን ገና ከጅምሩ ውሃ ፈልጎ ቁልፉን ቢጫን ምንም አልመጣም። በሬዲዮ ሲጠይቅ የቡድኑ መልስ አጭር ነበር፤ ቱቦው አልተገናኘም፣ ውሃ አይኖርህም። በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር የወጣበት መኪና፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎች፤ የተረሳችው ግን የውሃ ቱቦ ናት። ራይኮነን በዚያ የበጋ ሙቀት 70 ዙር ሳይጠጣ ነድቶ ሦስተኛ ወጣ። ቆፍጣና ነው ያሉት ብዙዎች ናቸው። ልጄ ይህን ሲያወራ ይስቃል። አባባ ግን አልሳቁም።

የአባባ ኮዳ

«አባባ፣ እርስዎስ ምን ይጠጡ ነበር?» አለ ልጄ።

አባባ መጀመሪያ የአሰብን መንገድ፣ በኋላም የጂቡቲን ነድተዋል። ኤንትሬ ፊያት ከነተሳቢዋ። እኛ ልጆቻቸው ከዚያ ሕይወት የምናውቀው የሚያመጡልንን ተምርና ብስኩት ብቻ ነበር። ያን ማታ ግን እስከዚያ ቀን ያልነገሩንን ነገሩን።

መኪናው ላይ ሁልጊዜ ሁለት ትልልቅ ጀሪካን ውሃ ይጭናሉ። «ለራዲያተር ነው» አሉ። ከሚሌ ወዲያ ሞተር ከሞቀ መንገድ ላይ መቅረት ነው፤ መንገድ ላይ መቅረት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ስለዚህ ያ ውሃ አይነካም። ለእሳቸውና ለረዳታቸው ያለችው በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልላ በር ላይ የምትንጠለጠል አንዲት ኮዳ ናት። እሷም ቶሎ ቶሎ አትከፈትም። የጠጣ ሰው መቆም ይፈልጋል፤ የቆመ ሰው ይዘገያል። ያኔ ሲባል የነበረው «ሾፌር መንገድ ላይ ውሃ አይጠጣም» ነበር አሉ። ጥማት መቻል የሾፌርነት ማዕረግ ነበር።

አንድ ቀን ከአሰብ ጭነው ሲመለሱ፣ ከንጋት ጀምሮ ከቡና በቀር ምንም አልቀመሱም። ከሰዓት በፊት ራሳቸውን ያማቸው ጀመር። ቀጥሎ ላባቸው ቆመ፤ ቆዳቸው ደረቀ። መንገዱ ሁለት ሆኖ ታያቸው። ከሁለቱ አንዱን መርጠው እየነዱ ሳለ ረዳታቸው ጮኸ፤ መሪውን ተሻምቶ ያዘ። መኪናዋ ከአስፋልቱ ወጥታ አሸዋ ላይ ቆመች።

«ያን ዕለት» አሉ አባባ፣ «ሞተሩን በየአምስት ደቂቃው አየው ነበር፤ ዳሽቦርዱ ላይ የሙቀት መለኪያ አለው፤ ሲሞቅ ቀይ ላይ ይደርሳል። እኔ ግን መለኪያ የለኝም። ለራዲያተሩ ሁለት ጀሪካን ውሃ ጭኜ፣ ራሴ ተቃጠልኩ።»

ስለ ኮዳዋም ልጄ ፊዚክስ ክፍል ካልሰማው በተሻለ አስረዱት። ጆንያው ሲደርቅ ውሃው ይቀዘቅዛል፤ እርጥበቱ ተንኖ ሲሄድ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳልና። በረሃው ደረቅ በሆነበት ቦታ ውሃዋ እንደ ምንጭ ትቀዘቅዛለች። አሰብ አካባቢ ወደ ባሕሩ ሲቀርቡ ግን ጆንያው ቀኑን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ይውላል፤ ውሃዋም ሞቃት ናት። አየሩ ራሱ በእርጥበት ተሞልቶ ሌላ አይቀበልም።

ላብም የሚሠራው እንደዚያው ነው። ሰውነታችንን የሚያቀዘቅዘው ላቡ መፍሰሱ ሳይሆን መትነኑ ነው። ኳታር ያን ማታ እንደ አሰብ ነበረች። ሾፌሮቹ ያልባቸዋል፤ ላቡ ግን ከወፍራሙ ቱታ ሥር አይደርቅም። ስለዚህ ውሃቸውንም ያጣሉ፤ ሙቀቱም አይለቃቸውም።

ጥማት ዘግይቶ ይደርሳል

የአባባ ንግግር ውስጥ ዋናው ነገር አለ። ሰውነት የሙቀት መለኪያ የለውም ማለት አይደለም፤ አለው፤ ጥማት ይባላል። ግን ዘግይቶ ነው የሚናገረው። ጥማት በደንብ ሲሰማን ብዙውን ጊዜ ሰውነታችን ከሚያስፈልገው ውሃ የተወሰነውን አጥቷል።

ከሰውነት ክብደት 2 ከመቶ ያህሉ በላብ ሲሄድ ድካሙ ይታወቃል፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ አንድ ሊትር ከግማሽ የማይሞላ ውሃ ነው። ውሃ ሲጎድል የደም መጠን ይቀንሳል። የቀረው ደም ወደ ቆዳ ሄዶ ሰውነትን ማቀዝቀዝ አለበት፤ ወደ ጡንቻና ወደ አንጎልም መድረስ አለበት። ለሁሉም አይበቃም። ልብ ፍጥነቱን ይጨምራል። ሐሳብ ይዘገያል፤ ዓይን ይደበዝዛል፤ ማቅለሽለሽ ይመጣል። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው የግማሽ ሰከንድ መዘግየት ከ40 ሜትር በላይ መንገድ ነው። በ80 ለሚነዳ የሚኒባስ ሾፌርም ከ10 ሜትር በላይ ነው፤ ይህም በአንድ ሕፃንና በመኪና መካከል ያለ ርቀት ሊሆን ይችላል።

የጨውም ነገር አለ። ላብ ውሃ ብቻ አይደለም፤ ሸሚዝ ላይ ደርቆ የሚቀረው ነጭ ምልክት ጨው ነው። ለሰዓታት በላብ የተጠመቀ ሰው ባዶ ውሃ ብቻ በብዛት ቢጠጣ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል፤ ይህም ራስ ምታት፣ ማስመለስና መደናገር ሊያመጣ ይችላል። የእሽቅድምድም ሾፌሮች ከረጢት ውስጥ ጨውና ስኳር የሚገባው ለዚህ ነው። ስኳሩ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ አንጀት ጨዉን በቶሎ እንዲቀበል ያግዛል፤ ውሃውም ጨዉን ተከትሎ ይገባል። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስ. የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። የእሽቅድምድም ሾፌር ውሃ የሚጠጣው ውድድሩ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደተጠማ ይቀር ነበር። የሚላበው ሊጠጣ ከሚችለው በላይ ነውና። ስለዚህ ዋናው ሥራ የሚሠራው ከመኪናው ውጭ ነው።

ውድድሩ ከመድረሱ ቀናት ቀደም ብለው ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ እየደጋገሙ ይጠጣሉ። ከመነሳታቸው በፊት አንድ ጊዜ ብዙ ውሃ መገልበጥ አይጠቅምም፤ ኩላሊት ትርፉን ወዲያው ያስወጣዋል። ሽንታቸው ፈዛዛ ቢጫ መሆኑን ያያሉ፤ ጠቆር ካለ ውሃ ጎድሏል ማለት ነው። ሞቃት አገር ከመሄዳቸው በፊት በሙቅ ክፍል ውስጥ ብስክሌት እየነዱ ወይም ሳውና እየገቡ ሰውነታቸውን ያለማምዳሉ። መኪናው ውስጥ ከመግባታቸው በፊት በረዶ ያለበት ሰደርያ ይለብሳሉ።

ከውድድሩ በኋላ ሚዛን ላይ ይወጣሉ። ሚዛኑ ለሕጉም ነው፤ ለጤናቸውም ይጠቅማል። ለጠፋው ለእያንዳንዱ ኪሎ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ፈሳሽ በቀጣዮቹ ሰዓታት ቀስ ብለው ይተካሉ።

አባባ እዚህ ላይ አፍረው ያልጠየቁትን ልጄ ጠየቀላቸው። ሽንታቸውስ? ብዙ ጊዜ አይመጣም። የሚያልበው ሰውነት ውሃውን በቆዳ ስለሚያስወጣው ለፊኛ የሚተርፈው ጥቂት ነው። አባባ በወጣትነታቸው የፈሩት ነገር ያን ያህል የሚያስፈራ አልነበረም።

ከዳላስ እስከ ሲንጋፖር

ይህ ችግር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1955 በአርጀንቲና በተደረገው ውድድር ሙቀቱ እጅግ ከባድ ስለነበር አብዛኞቹ ሾፌሮች መኪናቸውን ለሌላ እያስረከቡ ወርደው ያርፉ ነበር፤ ያኔ ይህ ይፈቀድ ነበር። ሳይቀያየሩ ብቻቸውን የጨረሱት የአገሩ ልጆች ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮና ሮቤርቶ ሚዬሬስ ብቻ ናቸው። ፋንጂዮ ሦስት ሰዓት ያህል ነድቶ አሸነፈ።

እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ በአሜሪካ ዳላስ እንግሊዛዊው ናይጄል ማንሴል መኪናው ከመጨረሻው መስመር አጠገብ ቆመበት። ወርዶ በዚያ በሚፋጅ ሙቀት መኪናውን መግፋት ጀመረ፤ መስመሩ ላይ ሳይደርስ ራሱን ስቶ ወደቀ። ፎቶግራፉ እስከ ዛሬ የጀግንነት ምሳሌ ሆኖ ይታያል። የዚያን ቀን አሸናፊ ግን ማን እንደነበር የሚያስታውሱት ጥቂቶች ናቸው። ፊንላንዳዊው ኬኬ ሮዝበርግ ነበር። ከሄልሜቱ ሥር ቀዝቃዛ ውሃ የሚዘዋወርበት ቆብ አድርጎ ነበር። አንዱ ሙቀቱን ሊችለው ሞከረ፤ ሌላው ተዘጋጀለት።

ለዚህ ነገር ሕግ የወጣው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ከኳታሩ ምሽት በኋላ የሚቀጥለው የኳታር ውድድር ሙቀቱ ቀለል ባለበት በኅዳር ተደረገ። እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ሙቀቱና እርጥበቱ ተደምሮ ሰውነት የሚሰማው ሙቀት ከ31 ዲግሪ እንደሚያልፍ ከተተነበየ፣ ፌዴሬሽኑ የሙቀት አደጋ መኖሩን ያውጃል። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ ቡድን ለሾፌሩ ማቀዝቀዣ መኪናው ላይ መግጠም አለበት። ማቀዝቀዣው ቀዝቃዛ ፈሳሽ በቀጫጭን ቱቦዎች የሚዘዋወርበት ሰደርያ ነው፤ የሮዝበርግ ቆብ የልጅ ልጅ እንበለው። ተጨማሪው ክብደት ማንንም እንዳይጎዳም ለሁሉም መኪና የሚፈቀደው ዝቅተኛ ክብደት ከፍ ይደረጋል። ውሃና ፍጥነት እንዳይጣሉ ሕጉ አስታረቃቸው ማለት ነው።

የድሬዳዋው መንገድ

ከኳታሩ ምሽት ሰባት ወር በኋላ፣ በሚያዝያ፣ አባባ ለዘመድ ሠርግ በአውቶቡስ ወደ ድሬዳዋ ሄዱ። የ74 ዓመት ሰው ናቸው። ለሰዎች ምክር ሰጥተው ለራሳቸው አልሠሩበትም። ጠዋት ሦስት ሲኒ ቡና ጠጡ፤ ሦስቱ ቢደመሩ ከአንድ ብርጭቆ ብዙም አይበልጡም። መንገድ ላይ ውሃ ሲሰጧቸው «አልጠማኝም» አሉ። ውሸታቸውን አልነበረም። ዕድሜ ሲገፋ የጥማት ስሜት ይደክማል፤ ኩላሊትም ውሃ የመቆጠብ አቅሙ ይቀንሳል። በዚያ ላይ አውቶቡስ በእሳቸው ምክንያት እንዲቆም አልፈለጉም።

ድሬዳዋ ሲደርሱ ከአውቶቡሱ ወርደው ሁለት እርምጃ ሄዱና ወደቁ። ሐኪም ቤት ግሉኮስ ተተከለላቸው። ያከመቻቸው ወጣት ሐኪም የተናገረችው አባባ ራሳቸው ቴሌቪዥን ፊት ያሉትን ነው፤ «ውሃ ነው የጎደላቸው።»

በስልክ ስንሰማ ሁላችንም ደነገጥን። ልጄ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አያቱን እንደ እሽቅድምድም ሾፌር ያዛቸው። ጠርሙስ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመረ፤ እስከ 4 ሰዓት እዚህ ድረስ፣ እስከ 6 ሰዓት እዚህ ድረስ እያለ ጻፈበት። አባባ ሲያንገራግሩ «የኪሚን ቱቦ ረስተነዋል እንዴ?» ይላቸዋል። የደም ግፊት ስላለባቸው መጠኑንና የጨዉን ነገር ከሐኪማቸው ጋር ተነጋግረን ወሰንን፤ የልብ፣ የኩላሊትና የግፊት ሕመም ያለበት ሰው በራሱ ግምት ባይወስን ይሻላል።

ለረጅም መንገድ የምንይዘው

እኛ ቤት አሁን ከመንገድ በፊት የሚደረጉ ነገሮች እነዚህ ናቸው። ከእሽቅድምድም ሾፌሮቹ የተማርናቸው ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም።

• ውሃ መጠጣት የሚጀመረው በዋዜማው ነው። ጠዋት ከመነሳታችን በፊት ሁላችንም አንድ ብርጭቆ እንጠጣለን።

• ውሃው እጅ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጣል። ሻንጣ ውስጥ የተቀበረ ውሃ እንዳልተገናኘው የራይኮነን ቱቦ ነው።

• ሳንጠማ ትንሽ ትንሽ እንጎነጫለን። ሕፃናትና አያቶች «አልጠማኝም» ሲሉ አናምናቸውም። ሕፃን ቶሎ ይሞቃል፤ አያት ዘግይቶ ይጠማዋል።

• ቆላ ስንወርድ ጨው ያለው ምግብ እንይዛለን። በጣም ላልበው ወይም ላስመለሰው ሰው ኦ.አር.ኤስ. በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ይሰጠዋል።

• ሾፌሩን እንጠይቀዋለን። ጠጥተሃል? ቆም እንበል? ለመቆም መጠየቅ ነውር አይደለም።

• ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የጠቆረ ሽንት ካለ ጥላ ሥር አርፎ መጠጣት ነው። ሰውየው ከተደናገረ፣ በሙቀት መካከል ላቡ ከቆመ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ጊዜ ሳይሰጡ ልብሱን ማላላት፣ በውሃ ማቀዝቀዝና ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውሃ አይሰጥም።

መስከረም 25 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ እሑድ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የሲንጋፖር ውድድር ተጀመረ፤ እዚያ መሽቷል። የሙቀት አደጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወጀበት ውድድር ነው። ልጄ አሁን 16 ዓመቱ ነው፤ አባባም እንደ ወትሮው ጋቢያቸውን ደርበዋል። ሰደርያውን መልበስ ለሾፌሮቹ ምርጫ የተተወ ስለነበር አንዳንዶቹ ምቾት አይሰጥም ብለው ትተውት ነበር።

«የማይለብሱት አሉ አሉ?» ጠየቁ አባባ።

«አዎ አባባ። አንዳንዶቹ እንችለዋለን ይላሉ።»

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር» አሉና መስመር የተሰመረባትን ጠርሙስ አነሱ። የ9 ሰዓቱ መስመር ላይ ገና አልደረሱም ነበር። ያን ዓመት ሙሉ ልጄ ሳይነግራቸው ሲጠጡ ሳያቸው ያ የመጀመሪያው ነበር።

«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚሉት አባቶቻችን ስለ ውሃ ብቻ አልነበረም። ለእኛ ቤት ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ውሃ ሆኗል።